የአቃቂ ጎርፍ ሌሊት ሲመጣ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስንት ሰዓት ይቀድመዋል?

ጥያቄው፦ «አቃቂ ቃሊቲ ከትልቁ አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ሽንኩርት በመስኖ የምናለማ 30 የምንሆን ገበሬዎች ነን። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ሌሊት ይሞላና የውሃ ሞተራችንን ከነቱቦው ይዞብን ይሄዳል። ኮምፒውተር የተማረ አንድ የሰፈራችን ልጅ ‹በሳተላይትና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ከ5 ቀን በፊት የሚያስጠነቅቅ ሲስተም እሠራላችኋለሁ› ይላል። እውነት ይቻላል? በበጋስ ይኸው ሲስተም ምን ያህል ውሃ እንደምናጠጣ ሊነግረን ይችላል?»

ምላሽ፦

5 ቀን አይቻልም። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ግን ይቻላል፤ እሱም ሞተር ነቅሎ ከፍ ወዳለ ቦታ ለማውጣት ይበቃል። ልጁ አላጭበረበራችሁም፤ የሰማው ነገር ለሌላ ዓይነት ወንዝ የተሠራ ነው።

የ5 ቀኑ ወሬ የመጣው ከጎግል የጎርፍ ትንበያ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣው ጥናት ኤልኤስቲኤም የሚባለው የሞዴል ዓይነት (ሞዴል ማለት ካለፈ መረጃ ተምሮ የሚተነብይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው) በሺዎች ከሚቆጠሩ የወንዝ መለኪያዎች ተምሮ፣ መለኪያ በሌላቸው ወንዞች ላይም ቀደም ብሎ ጎርፍ መተንበይ እንደሚችል ታይቷል። ሥራው ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚቆጥረው በቀን ነው፤ የሚያገለግለውም ውሃው ከላይ እስከ ታች ለመድረስ ቀናት በሚወስድበት ትልቅ ወንዝ ላይ ነው። የአቃቂ ተፋሰስ እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ ድረስ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የእናንተ ማሳ ደግሞ 2,100 ሜትር አካባቢ። በመካከሉ ያለው ቀጥታ ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በቀበናና በባንቲይቀጡ በኩል የሚወርደው ውሃ አብዛኛውን መንገድ የሚያልፈው በአስፋልትና በቆርቆሮ ጣሪያ መካከል ስለሆነ መሬት የሚመጠው ትንሽ ነው። ከሰዓት በኋላ የጣለ ዝናብ ማታ እናንተ ጋ ነው።

የአየር ትንበያውም ቢሆን አይደርስላችሁም። ዛሬ በዓለም ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚሠሩት ታዋቂ የአየር ትንበያ ሞዴሎች አብዛኞቹ ምድርን የሚያዩት በጎን 28 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ ካሬዎች ከፋፍለው ነው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ አንድ ካሬ ውስጥ ትገባለች ማለት ነው። ሽሮ ሜዳ በረዶ ሲጥል ቃሊቲ ፀሐይ እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ ካሬው ግን ለሁለቱም አንድ ቁጥር ይሰጣል። ዝናብን በየግማሽ ሰዓቱ የሚለካው የሳተላይት መረጃ አለ፤ በጎን 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈጣኑ እትም እንኳ እጃችሁ የሚገባው ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። እስከዚያ ውሃው አባ ሳሙኤል ገብቷል።

ታዲያ የሩቁ ትንበያ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የ10 ቀን ትንበያ «ከመደበኛው በላይ ዝናብ» ሲል ሞተር በዚያ ሳምንት ወንዝ ዳር አይደር። ለሌሊቱ ማስጠንቀቂያ ግን ከማሳችሁ በላይ ወንዙ ላይ የሚቀመጥ መለኪያ ያስፈልጋችኋል። ገንዘባችሁ መጀመሪያ እዚያ ይሂድ።

መለኪያውን የት?

የጎርፍ ማዕበል በእንዲህ ዓይነት ወንዝ በሰከንድ 2 ሜትር ቢጓዝ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ከ200 ይሆናል። በወንዙ ጥምዝ ተከትሎ ተለክቶ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ድልድይ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይሰጣችኋል። ካርታ ላይ በቀጥታ መስመር አትለኩ፤ ወንዙን ተከተሉ። ይህ ግምት ነው፤ እውነተኛውን ጊዜ በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ በሚመጡት ትናንሽ ሙላቶች አረጋግጡ፦ አንድ ሰው ላይኛው ድልድይ ላይ፣ አንድ ሰው ማሳው ጋ ሆኖ ውሃው ከፍ ማለት የጀመረበትን ሰዓት በስልክ ይለዋወጡ። 4 ወይም 5 ጊዜ ከተደረገ ከማንኛውም ሞዴል የሚበልጥ ቁጥር ይገኛል። ጊዜው ሁልጊዜ እኩል አይደለም፤ ትልቁ ሙላት ከትንሹ ይፈጥናል። ስለዚህ ከተገኙት ጊዜያት አጭሩን ያዙ።

ትልቁ አቃቂ ከአንድ በላይ ክንድ አለው። የከተማው ክንድ ፈጣን ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው ደግሞ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች አሉበት፤ ግድብ ሞልቶ ሲያፈስ ወይም ሲለቀቅ የሚመጣው ውሃ ከዚያ ቀን ዝናብ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ዝናብ ብቻ የተማረ ሞዴል ይህን ፈጽሞ አያውቅም። መፍትሔው ቴክኖሎጂ አይደለም፦ በወረዳው አደጋ መከላከል ባለሙያ በኩል ግድብ ከመለቀቁ በፊት ስልክ የሚደወልበት አንድ ቁጥር ማስመዝገብ ነው። መለኪያ የሚቀመጠው ሁለቱ ክንዶች ከተገናኙ በኋላ ባለ ድልድይ ቢሆን ይመረጣል፤ ርቀቱ ካነሰባችሁ በየክንዱ አንድ አንድ።

የመለኪያው ዕቃ

ልጁ ምናልባት የሚያመጣው በድምፅ የሚለካውን (ድምፅ ወደ ውሃው ልኮ እስኪመለስ የሚቆጥረውን) ርካሹን ውሃ የማይገባው ሴንሰር ነው። ይሠራል፤ ግን አራት ነገር ይወቅ።

አንደኛ፣ በተግባር ከ4 ሜትር በላይ አይታመንም፤ ከ25 ሳንቲ ሜትር በታችም አያይም። ድልድዩ ከውሃው 6 ሜትር ከፍ ካለ በበጋ ባዶ ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ። ለእንዲህ ያለው ድልድይ ራዳር ይሻላል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ራስ ምታቱ ግን ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ የድምፅ ፍጥነት በሙቀት ይለወጣል። ቀን 25 ዲግሪ ላይ የተስተካከለ ሴንሰር ሌሊት 8 ዲግሪ ሲሆን 3 ከመቶ ገደማ ይሳሳታል፤ በ3 ሜትር ርቀት 9 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የስህተቱ አቅጣጫ ነው ክፉው፦ ሌሊት ውሃው ካለበት ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ማለትም ሙላቱን የሚደብቀው ልክ በምትፈሩት ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ከሴንሰሩ ጎን፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ፣ አንዲት የሙቀት መለኪያ አስቀምጦ ፕሮግራሙ እንዲያርም ማድረግ ነው። (የከፍታችን ቀጭን አየር የድምፁን ፍጥነት አይለውጥም፤ የሚለውጠው ሙቀቱ ነው።)

ሦስተኛ፣ አረፋ። አቃቂ ከፋብሪካና ከፍሳሽ የሚመጣ አረፋ ሲሸከም ታውቃላችሁ፤ አረፋ ድምፅን ይውጣል። የሃይላንድ ጠርሙስና የፌስታል ክምር ደግሞ «ውሃው ግማሽ ሜትር ጨመረ» ያሰኛል። ስለዚህ አንድ ንባብ አይታመንም፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 15 ጊዜ ለክቶ የመካከለኛውን ቁጥር ይውሰድ። አማካይ አይደለም፣ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው ነው። አንድ ጠርሙስ አማካዩን ያዛባል፤ መሃለኛውን አያዛባም።

አራተኛ፣ የድምፁ ጨረር ሰፊ ስለሆነ ከድልድዩ ምሰሶ ቢያንስ 1 ሜትር ከ50 ይራቅ፤ አለበለዚያ የሚለካው ምሰሶውን ነው። የሚታሰረው ውሃው በሚወጣበት በታችኛው ጎን ይሁን፤ ላይኛው ጎን ላይ ግንድ ይመታዋል። ከዚህ በፊት ጎርፉ ከደረሰበት ምልክት ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል።

ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የግፊት ሴንሰር ከተመረጠ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። አየር መተንፈሻ ቱቦ የሌለው ዓይነት የአየሩን ግፊት ጨምሮ ነው የሚለካው። በባሕር ጠለል ደረጃ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት አቃቂ ላይ 78 አካባቢ ነው። መመሪያውን አምኖ 101 የቀነሰ ሰው ወንዙ ከ2 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። ከገዙ ባለመተንፈሻውን ይግዙ።

መላኪያው ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ርካሹ የሲም ሞጁል (ሲም ካርድ ገብቶበት መልእክት የሚልከው ዕቃ) በሚልክበት ቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል፤ ቮልቴጁም ከ3.4 እስከ 4.4 መካከል ካልሆነ ይጠፋል። በቀጭን ሽቦ ወይም በደካማ መቀየሪያ ከተቀጠለ ቤት ውስጥ ሲሞከር ሠርቶ፣ ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ድልድይ ላይ ሲሰቀል ራሱን እያጠፋ ያበራል። ሽቦው አጭርና ወፍራም ይሁን፤ ከሞጁሉ አጠገብ ለቅጽበት ኃይል የሚያጠራቅም ባለ 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይጨመር። ኃይሉን በተመለከተ፣ አጠቃላይ ፍጆታው በአማካይ ሩብ ዋት ገደማ ከሆነ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ተጠቅሞ ፀሐይ ሳያይ 7 ቀን ያህል ይቆያል። በነሐሴ ያን ያህል ደመና ብርቅ አይደለም። ሶላሩ ባለ 10 ዋት ይሁን፤ ጎልቶ ከታየ ይሰረቃል፤ ከመንገድ የማይታይ ጎን ላይ ይታሰር። ድልድዩን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ፤ አለበለዚያ ቀለም የሚቀባ ሠራተኛ ነቅሎ ይጥለዋል።

ከሁሉም በፊት ግን ምሰሶው ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ነጭና ቀይ መስመር ይቀባ። ሴንሰሩ ዋሸ ወይም እውነት ተናገረ የምትሉት በዚያ መስመር ነው።

ሞዴሉ

በመጀመሪያው ክረምት ሞዴል አያስፈልግም። ሁለት ደንብ ይበቃል፦ ውሃው ከተወሰነ ምልክት ካለፈ፣ ወይም በ15 ደቂቃ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ከጨመረ፣ ማስጠንቀቂያ ይላክ። ሁለተኛው ደንብ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይጠቅማል፤ ድንገተኛ ጎርፍ የሚታወቀው በከፍታው ሳይሆን በአነሳሱ ነው። ቁጥሩን ለወንዛችሁ አስተካክሉት። ጸጥ ባለ ቀን በየ15 ደቂቃው፣ መጨመር ሲጀምር በየ3 ደቂቃው ይለካ።

አንድ ክረምት የተጠራቀመ መረጃ ሲኖር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ያገኛል። የሚማረው፦ የላይኛው ድልድይ ከፍታ፣ ያለፉት 1፣ 3 እና 6 ሰዓታት ዝናብ፣ እንዲሁም ያለፉት 7 ቀናት ድምር ዝናብ። የመጨረሻው የሚገባው መሬቱ ጠግቦ እንደሆነ ስለሚናገር ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሰኔ መግቢያ ላይና ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ዓይነት ጎርፍ አያመጣም። የሚተነብየው ደግሞ ማሳችሁ ጋ ከ1 ሰዓት በኋላ የሚኖረውን ከፍታ ነው። ለዚህ ትልቅ የነርቭ መረብ አያስፈልግም፤ ተራ ሬግሬሽን (ቁጥሮቹን በቀመር የሚያያይዝ ስሌት) ወይም የውሳኔ ዛፍ ስብስብ (በተከታታይ የአዎ ወይም አይ ጥያቄ መልስ ላይ የሚደርስ) በአንድ ደህና ላፕቶፕ በደቂቃ ይሠለጥናል።

ልጁ ውጤቱን ሲያሳያችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት።

«ትክክለኛነቱ 97 ከመቶ ነው» ካለ አትደነቁ። ክረምቱ 120 ቀን ሆኖ 3 ቀን ብቻ ጎርፍ ከነበረ፣ «ዛሬ ጎርፍ የለም» እያለ ዝም ብሎ የሚኖር ሞዴልም 97.5 ከመቶ ትክክል ነው። ጥያቄው ከ3ቱ ጎርፎች ስንቱን ያዘ፣ ስንት ጊዜስ በከንቱ ጮኸ የሚለው ነው።

መረጃውን ለመማሪያና ለመፈተኛ እንዴት እንደከፈለው ጠይቁ። በየ15 ደቂቃው የተለካውን በዕጣ ከበታተነው፣ የአንድ ጎርፍ ግማሹ መማሪያ ውስጥ ግማሹ ፈተና ውስጥ ይገባል፤ መልሱን አይቶ የተፈተነ ተማሪ ይሆናል። አንድን ጎርፍ ሙሉ በሙሉ ደብቆ፣ በሌሎቹ አሠልጥኖ፣ በተደበቀው ይፈትን፤ ይህንንም በየጎርፉ ይድገመው።

ሦስተኛው ብዙ ባለሙያ የሚዘነጋው ነው። የውሳኔ ዛፍ ሞዴሎች ከተማሩት ከፍታ በላይ መናገር አይችሉም። ባለፈው ክረምት ትልቁ ሙላት 2 ሜትር ከ40 ከነበረ፣ ዘንድሮ 3 ሜትር የሚሆን ውሃ ሲመጣ ሞዴሉ በልበ ሙሉነት «2 ሜትር ከ40» ይላል። ስለዚህ ከፍታውን ሳይሆን ጭማሪውን እንዲተነብይ ይደረግ፤ ሁለቱ ተራ ደንቦችም ሞዴሉ ቢኖርም አይነሱ። ሞዴሉ ማስጠንቀቂያውን ሊያስቀድም እንጂ ደንቡን ሊሽር ሥልጣን የለውም።

የድሮ የዝናብ መዝገብ የምታስገቡ ከሆነ ቀኑን ተጠንቀቁ። በእጅ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ኮምፒውተሩ 12 ወር ብቻ ያውቃል። ጳጉሜን ዝም ብሎ ይጥላታል፣ አለዚያ ወደ መስከረም ይደርባታል፤ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ በእጅ የሚነበብ የዝናብ መለኪያ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስለሚነበብ የዛሬው ቁጥር በአብዛኛው የትናንት ከሰዓትና ሌሊት ዝናብ ነው። ይህ ሳይታረም የሠለጠነ ሞዴል ጎርፉ ዝናቡን እንደሚቀድም ይማራል።

መቼ ይጮህ?

አንድ የማስጠንቀቂያ ልክ ለሁሉም ሥራ አይሆንም። ሞተር ለማንሳት የሁለት ሰው ጉልበት 1,500 ብር ይፈጃል፣ ሞተሩ ቢሄድ ደግሞ 60,000 ብር ይከስራል እንበል። በሒሳብ ከ40 ማስጠንቀቂያ 1ዱ ብቻ እውነት ቢሆን እንኳ ማንሳቱ አያከስርም። ያልደረሰ ጎመን በግማሽ ዋጋ አጭዶ መሸጥ ግን ሌላ ነው፤ 20,000 ብር ለማዳን 10,000 ብር የምታጡ ከሆነ ትንበያው ከሁለት አንድ ጊዜ እውነት መሆን አለበት። ስለዚህ ለሞተሩ ቶሎ የሚጮህ ቢጫ፣ ለሌላው ዘግየት ብሎ የሚጮህ ቀይ ይኑር። በወረቀት ላይ 39 የከንቱ ጩኸት ያዋጣል፤ ሰው ግን በሦስተኛው ሌሊት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል። ያዋጣል የሚለውን ሒሳብ ሰው ከሚታገሰው ጋር አስታርቁት፤ በወር ከ3 ወይም 4 ባይበልጥ ይመረጣል።

ሌሊት ማን ይሰማል?

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነበር፤ ውሃው የደረሰው ደግሞ ሰው በተኛበት ሌሊት ነው። የእናንተም ችግር ይኸው ነው። አጭር የጽሑፍ መልእክት የተኛን አይቀሰቅስም። ጽሑፉ ለማስታወሻ ይሁን፤ መቀስቀሻው የድምፅ ጥሪ ይሁን፤ ጥሪውም ለ30 ሰው ሳይሆን በተራ ለሚነቁ 3 ሰዎች። እነሱ ያላነሱትን ሲስተሙ በ2 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ይደውል።

ሰፈሩን ለመቀስቀስ የእድር ጥሩምባ ለመጠቀም የሚያስቡ ይኖራሉ። አይሆንም፤ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ማን እንደሞተ ለመስማት ይወጣል እንጂ ወደ ሞተሩ አይሮጥም። የተለየ ድምፅ ይመረጥ፦ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በብረት መምታት ርካሽ ነው፣ መብራትም አይፈልግም።

ጽሑፉ በፊደል ሲላክ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄ ብቻ ነው፤ ካለፈ ይከፈላል፣ ክፍሎቹም ተቀዳድመው ሊደርሱ ይችላሉ። ሞጁሉ የኛን ፊደል በሚያውቀው በዩኒኮድ እንዲልክ ካልታዘዘ ደግሞ የሚደርሰው የጥያቄ ምልክት ነው። ይህ ይበቃል፦ «ቢጫ! አቃቂ እየሞላ ነው። 9:20 ሰዓት ይደርሳል። ሞተር አንሱ፤ ከ9:00 በኋላ ወደ ወንዝ አትውረዱ።» ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን፤ ኮምፒውተሩ 3:20 ብሎ ከላከ የሌሊት 9:20 ሰዓቱ ጎርፍ «ጠዋት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ኦሮምኛ የሚቀለው አባል ካለ በዚያው ቋንቋ ይላክለት። ወንዙ ሊደርስ 20 ደቂቃ ከቀረው ሞተሩ ይቅር፤ ማንም አይውረድ። ይህን አስቀድሞ በስብሰባ ወስኑት፤ ሌሊት በባትሪ መብራት አይወሰንም።

ሲስተሙ በየቀኑ ማታ 12 ሰዓት «ደህና ነኝ» የሚል መልእክት ይላክ። የሲሙ ሒሳብ ያለቀ ቀን ወንዙ ጸጥ ያለ ይመስላል።

የበጋው ውሃ

ለዚህ ብዙ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አያስፈልግም። በእናንተ አካባቢ በበጋ ሙሉ ቅጠል ያወጣ አትክልት በቀን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል ብላችሁ ጀምሩ። 1 ሚሊ ሜትር በ1 ካሬ ሜትር 1 ሊትር ነው፤ ሩብ ሄክታር ማሳ በቀን 10,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር 50 በርሜል ይሆናል። ገና የበቀለ ችግኝ የዚህ ግማሽ ይበቃዋል። በቦይ የምታጠጡ ከሆነ መንገድ ላይ የሚቀረውን አስቡና ሞተሩን በዚያው ልክ አስረዝሙ። የሞተራችሁን አቅም ለማወቅ አንድ በርሜል በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ፤ በ40 ሰከንድ ከሞላ 50 በርሜል ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ከዚያ በላይ የምትነዱት ነዳጅ ወደ ወንዝ ይመለሳል። የሳተላይት ምስል በጎን 10 ሜትር ዝርዝር፣ በየ5 ቀኑ ገደማ በነፃ ይገኛል፤ ማሳው ውስጥ ውሃ ያልደረሰውን ጥግ ያሳያል። የእናንተ መደብ ግን በእግር 5 ደቂቃ ነው፤ ጣትን አፈር ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ መክተት ይቀድማል።

ከልጁ ጋር ተዋዋሉ፤ ውሉ ግን እንዲህ ይሁን፦ ክፍያው በሦስት ይከፈል፣ የመጨረሻው ሲሶ ክረምቱ ካለፈ በኋላ። የይለፍ ቃሉ፣ ፕሮግራሙና የሲም ካርዱ በማኅበሩ ስም ይሁኑ። አንድ ተጨማሪ ሴንሰርና አንድ ተጨማሪ ሞጁል ከመጀመሪያው ተገዝተው በማኅበሩ ሣጥን ይቀመጡ። ተከላው እስከ ግንቦት 20 ያልቅና በሰኔ ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ሌሊት፣ ልምምድ ይደረግ።